ድሮን ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ሥራውን ንገሩኝ

ጥቁር ሻንጣ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ አቧራ ጠጥቷል። አውርደን ከፈትነው። ድሮኑ አዲስ ነው ማለት ይቻላል፤ የካሜራው መከላከያ ፕላስቲክ እንኳ አልተላጠም። ባትሪዎቹ ግን ሆዳቸው ተነፍቶ ከማቀፊያቸው አንወጣም ብለዋል።

«ስንቴ በረረ?» አልኩ።

«የርክክቡ ቀን አንዴ። ከዚያ ያው እንደምታየው ነው።»

እንዲያበር የሠለጠነው ልጅ ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሯል። የበረራ ፈቃዱን ማን ማውጣት እንዳለበት የሚያውቅ የለም። የተገዛው ድልድይ ለመፈተሽ ነበር። ድልድዩን ግን አሁንም ሰው በገመድ እየወረደ ነው የሚያየው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ሻንጣ ያየሁት እዚያ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ሰው «የትኛው ድሮን ይሻላል?» ሲለኝ መልሼ እጠይቃለሁ። ምን ልትሠሩበት? ማን ያበረዋል? የወደቀ ቀንስ ማን ይጠየቃል? እነዚህ ከተመለሱ ምርጫው ግማሹ አለቀ። ከዚህ በታች የብራንድ ስም አላወዳድርም። የማወዳድረው የድሮን ዓይነቶችን፣ ድሮን የሚገኝባቸውን መንገዶች እና ደንብ አውጪዎች ከፊታቸው ያሉትን አማራጮች ነው። ሦስቱ የተያያዙ ናቸው። ደንቡ የማይፈቅደውን ድሮን መግዛት ሻንጣ መግዛት ነው።

በምን እንመዝን?

ድሮን ከአራት ነገሮች አንዱን ይሠራል፦ ያያል፣ ይለካል፣ ያደርሳል ወይም ይረጫል። ሰው በብዛት የሚያምታታው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ነው። ጣሪያው ተሰንጥቆ እንደሆነ ማየት አንድ ሥራ ነው። የጠጠር ክምሩ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ መለካት ሌላ ሥራ ነው። ለማየት ጥሩ ካሜራ ይበቃል። ለመለካት ግን ፎቶዎቹ ከ70 እስከ 80 በመቶ እየተደራረቡ መነሣት አለባቸው። እያንዳንዱ ፎቶ የት ቦታ እንደተነሣም በትክክል መታወቅ አለበት። ተራ ጂፒኤስ በሜትሮች ይስታል። አርቲኬ የሚባለው የማረሚያ ዘዴ ስህተቱን ወደ ሴንቲሜትር ያወርደዋል። አርቲኬ የሌለው ድሮን ይዞ ካርታ ልሥራ ያለ ቡድን መሬት ላይ ምልክት እያነጠፈ፣ እያንዳንዱን በቅየሳ መሣሪያ እየለካ ይውላል። ይሠራል፣ አይሠራም አልልም። ግን የዚያን የጉልበት ሥራ ሂሳብ ማን አስቦት ነበር?

ሁለተኛው መመዘኛ ከድሮኑ ሥር ያለው ነገር ነው። እርሻ ላይ የሚወድቅ ድሮን ንብረት ያጠፋል። ገበያ ላይ የሚወድቅ ሰው ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ ውስጥ የሕክምና ላቦራቶሪ ናሙና የሚያመላልስ 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ድሮን ወደቀ። ፓራሹት ነበረው፤ ፓራሹቱም ወጥቷል። ግን ድሮኑን የያዘው ገመድ በስለታም ጠርዝ ተቆረጠ። የወደቀው ከመዋለ ሕፃናት ልጆች ብዙም ሳይርቅ ነበር። ማንም አልተጎዳም፤ አገልግሎቱ ግን እንዲቆም ተደረገ። ሻጭ «ፓራሹት አለው» ሲላችሁ ይህን ታሪክ አስታውሱ።

ሦስተኛው የአየር ላይ ጊዜ ነው። ማስታወቂያው 40 ደቂቃ ካለ እናንተ 30 ያዙ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። የማስታወቂያው ቁጥር የሚለካው ንፋስ ሳይኖር፣ ምንም ሳይጫን፣ ባትሪው እስኪሟጠጥ ነው። ጠንቃቃ አብራሪ ግን ባትሪው 25 ወይም 30 በመቶ ሲቀረው ያሳርፋል። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ ፕሮፔለሩ የበለጠ ይለፋል። ብርድ ደግሞ የባትሪውን አቅም ይቆርጣል።

አራተኛው ከግዢ በኋላ ያለው ወጪ ነው፤ በጀት የሚበላውም እሱ ነው። የሊቲየም ባትሪ አላቂ ዕቃ ነው። ጥቂት መቶ ጊዜ ከተሞላ በኋላ ይደክማል። ሙሉ ተሞልቶ ለወራት ከተቀመጠ ያብጣል፣ ያበጠ ባትሪ ደግሞ እሳት ነው። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ከ40 እስከ 60 በመቶ ተሞልቶ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ እሳት በሚቋቋም ሣጥን ውስጥ መሆን አለበት። የዚያ ሻንጣ ባትሪዎች ምን እንደነካቸው አሁን ገባችሁ። በዚህ ላይ መለዋወጫ፣ በየዓመቱ የሚታደስ የሶፍትዌር ክፍያ፣ ኢንሹራንስና የአብራሪ ሥልጠና ጨምሩ።

አምስተኛው ምስሉ የት ይሄዳል የሚለው ነው። አንዳንድ ድሮን የበረራ መዝገቡንና ፎቶውን ወደ አምራቹ ሰርቨር ይልካል። ለሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ምንም አይደለም። ለኃይል ማመንጫ ወይም ለፖሊስ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ከኢንተርኔት ተነጥሎ መብረር ይችል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ስድስተኛውን ከላይ ብዬዋለሁ፦ የወደቀ ቀን የሚጠየቀው ሰው ስም ይኑረው። «ክፍሉ» ወይም «ኮሚቴው» ስም አይደለም።

ባለብዙ ፕሮፔለር

አራት ወይም ስድስት ፕሮፔለር ያለው፣ ሁላችንም የምናውቀው ዓይነት ነው። ከቆመበት ቀጥ ብሎ ይነሣል። አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለፍተሻ፣ ለእሳት አደጋ፣ ለነፍስ አድንና ለግንባታ ክትትል እሱን የሚተካው የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ለመምረጥ ጠንካራ ምክንያት ከሌለው በስተቀር፣ ከዚህ ይጀምር።

ድክመቱ ጉልበት አባካኝ መሆኑ ነው። ክንፍ ስለሌለው አየር ላይ ለመቆየት ብቻ ሞተሮቹ ያለማቋረጥ ይሠራሉ። ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ብሎ ያርፋል። ስለዚህ አንድ ድሮን በሁለት ባትሪ መግዛት ከንቱ ነው። ሙሉ ቀን ለመሥራት ቢያንስ ስድስት ባትሪና መስክ ላይ የሚሞላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2019 ፓሪስ ውስጥ የኖትርዳም ካቴድራል ሲቃጠል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ድሮን አስነሥተው ነበር። እሳቱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ከላይ አይተው ውኃውን የት ማነጣጠር እንዳለባቸው ወሰኑ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ሙቀት የሚያይ ካሜራ ያስፈልጋል፤ ተርማል የሚባለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ተርማል ካሜራ በግድግዳ ውስጥ አያይም። በመስታወትም አሳልፎ አያይም። ውኃ ውስጥ የገባ ሰው አያሳይም። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ሁሉ ሰው ይመስላል። የጠፋ ሰው የሚፈለግ ከሆነ ትክክለኛው ሰዓት ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ነው፣ መሬቱ ሲቀዘቅዝ። ስለዚህ ለነፍስ አድን ተርማል የምትገዙ ከሆነ በማታ መብረር የሚፈቅድ ደንብና በማታ የሠለጠነ አብራሪም አብራችሁ «ግዙ»።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። ጎበዝ አብራሪን የማውቀው ከመነሣቱ በፊት በሚያደርገው ነው። ፕሮፔለሮቹን አንድ በአንድ ይዞ ጠርዛቸውን በጥፍሩ ይዳስሳል። ጥፍሩ ትንሽ ከያዘው ያ ፕሮፔለር ይወጣል፤ ክርክር የለም። ከዚያ ባትሪው ጠቅ ብሎ መግባቱን በእጁ ስቦ ያረጋግጣል። ይህን ሳያደርግ ቀጥታ ስክሪኑ ላይ የሚያፈጥ ሰው የእኔን ድሮን አያበርም።

ባለክንፍ

እንደ አውሮፕላን ነው። ክንፉ ስለሚሸከመው በትንሽ ጉልበት ሩቅ ይሄዳል፤ አንድ ሰዓት፣ ከዚያም በላይ። ለሰፊ ካርታ፣ ለደን ጥበቃ፣ ለረጅም የቧንቧ መስመር ይመረጣል። ግን አየር ላይ መቆም አይችልም። ለመነሣትና ለማረፍም ክፍት ቦታ ወይም ማስወንጨፊያ ይፈልጋል።

የዚህ ዓይነት በጣም የታወቀው ምሳሌ ሩዋንዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዚፕላይን የሚባለው ድርጅት ደምና መድኃኒት በባለክንፍ ድሮን ለጤና ተቋማት ያደርሳል። ድሮኑ በማስወንጨፊያ ይነሣል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል። ሆስፒታሉ ጋ ሲደርስ አያርፍም፤ ጥቅሉን በትንሽ ፓራሹት ለቆ ይመለሳል። ሲመለስ በሁለት ምሰሶ መካከል የተወጠረ ገመድ ጅራቱን ይይዘዋል። የሚሸከመው ሁለት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ደም ግን ከባድ ዕቃ አይደለም፤ የደም ችግሩ ቶሎ መበላሸቱ ነው። ሆስፒታሉ ሲፈልግ ብቻ ከደረሰው በየማቀዝቀዣው ማከማቸት አይኖርበትም። አንድ ጥናት አገልግሎቱ ከገባ ከዓመት በኋላ በሆስፒታሎቹ ጊዜው አልፎ የሚጣለው ደም 67 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

ይህን ሰምቶ «እኛም ድሮን ገዝተን መድኃኒት እናድርስ» የሚል አለ። ቆይ ቆይ። ሩዋንዳ ድሮን አልገዛችም። መንግሥት የማድረስ አገልግሎት ነው የገዛው። ጣቢያው፣ ባትሪው፣ አብራሪው፣ ጥገናው የድርጅቱ ጣጣ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ክልሱ

በፕሮፔለር ቀጥ ብሎ ተነሥቶ፣ አየር ላይ ሲሆን በክንፍ የሚሄድ። ከሁለቱም ጥሩውን ያመጣል፤ ውስብስብነቱንም እንዲሁ። ሞተሩ ይበዛል፣ የሚበላሽ ነገር ይበዛል፣ ጥገናው ለማንም እጅ አይሆንም። ንፋስ ባለበት ሲነሣና ሲያርፍ ክንፉ እንደ ሸራ ንፋሱን ይቀበላል፤ ያኔ ነው የሚገለበጠው። ሰፊ ቦታ የሚለካ ግን ማኮብኮቢያ የሌለው ድርጅት ይህን ቢያስብ ይገባዋል። ለመጀመሪያ ድሮንነት ግን አልመክርም።

በገመድ የታሰረ

ሰው ይረሳዋል፣ ያሳዝናል። ኤሌክትሪኩን ከመሬት በገመድ ስለሚያገኝ ለሰዓታት አንድ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። የትም አይሄድም፤ ጥቅሙም እሱ ነው። ሕዝብ የሚበዛበት በዓል፣ የትራፊክ ክትትል፣ ጎርፍ ስልክ ሲያቋርጥ ጊዜያዊ የኔትወርክ ማማ። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሲያየው ደስ ይለዋል፤ ማምለጫ የለውማ።

መርጫ ድሮን

ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሩዝ ማሳዎችን በሰው አልባ ሄሊኮፕተር ትረጫለች። አሁን በብዛት ያሉት ባለብዙ ፕሮፔለር ናቸው፣ ከ10 እስከ 40 ሊትርና ከዚያ በላይ ይይዛሉ። ትልልቆቹ ከነፈሳሹ 90 ኪሎና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ብዙ አገር ቀለል ያለውን ደንብ የሚያቆመው 25 ኪሎ ላይ ነው። መርጫ ድሮን ገዝቶ እንደ ፎቶ ድሮን አስመዝግባለሁ ያለ ሰው በር ላይ ይመለሳል።

ታንኩ በ10 ደቂቃ ገደማ ያልቃል፣ ባትሪውም አብሮ። ስለዚህ የሚገዛው ድሮን ብቻ አይደለም፤ ጀነሬተር፣ ፈጣን ቻርጀር፣ ውኃ መጫኛ መኪናና ቢያንስ ሁለት ሰው ነው። ዋናው አደጋም መውደቁ ሳይሆን መድኃኒቱ በንፋስ ተወስዶ ጎረቤት ማሳ፣ የንብ ቀፎ ወይም ምንጭ ላይ ማረፉ ነው። ንፋሱ በሴኮንድ ከ3 እስከ 5 ሜትር ሲያልፍ ማቆም ነው። አብራሪው የድሮን ብቻ ሳይሆን የፀረ ተባይ ሥልጠናም ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ሁለቱን ፈቃድ የሚሰጡት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ሁለቱም ጋ መሄድ ነው።

ባጭሩ ሲታይ

| ዓይነት | አየር ላይ የሚቆይበት | የሚሻልበት ሥራ | ዋናው ድክመት | ደንብ ላይ የሚያስጨንቀው |
|---|---|---|---|---|
| ባለብዙ ፕሮፔለር | 20–40 ደቂቃ | ፍተሻ፣ እሳት አደጋ፣ ነፍስ አድን፣ ትንሽ ካርታ | ባትሪ ቶሎ ያልቃል | በሰው ላይ መብረር፣ የሰው ገመና |
| ባለክንፍ | ከ1 ሰዓት በላይ | ሰፊ ካርታ፣ ደን፣ ማድረስ | ቆሞ ማየት አይችልም | ከዓይን እይታ ውጭ መብረር |
| ክልስ | 1 ሰዓት ገደማ | ሰፊ ካርታ በጠባብ መነሻ | ጥገናው ከባድ፣ ንፋስ አይወድም | ከዓይን እይታ ውጭ መብረር |
| በገመድ የታሰረ | ብዙ ሰዓት | ክትትል፣ ጊዜያዊ ኔትወርክ | አይንቀሳቀስም | ትንሽ ነው |
| መርጫ | 10 ደቂቃ ገደማ | እርሻ | ብዙ አጃቢ ዕቃ ይፈልጋል | ክብደት፣ የመድኃኒት መንሳፈፍ |

መግዛት፣ ማሠራት ወይስ መጋራት?

እዚህ ላይ ነው ብዙ በጀት የሚድነው። ቀላል መለኪያ አለኝ፦ ባለፈው ዓመት ድሮን ቢኖራችሁ ኖሮ ስንት ቀን ትጠቀሙበት ነበር? በግምት አይደለም። የሥራ መዝገባችሁን ከፍታችሁ ቁጠሩ።

በዓመት አሥርና ሃያ ቀን ከሆነ አሠሩ። ባለሙያ ድርጅት መጥቶ ያበርራል፣ ካርታውን ወይም ሪፖርቱን ያስረክባል። ፈቃዱም ኢንሹራንሱም የእሱ ነው። ውሉ ላይ ግን «የበረራ ቀን» አትግዙ፤ ውጤት ግዙ። «እስከ 3 ሴንቲሜትር የጠራ ካርታ» ብላችሁ ጻፉ። ሰማዩ ዳምኖ ፎቶው ቢበላሽ ድጋሚ የሚያነሣው በማን ወጪ ነው? እሱም ውሉ ላይ ይግባ። ጥሬ ፎቶዎቹም የእናንተ መሆናቸው ይጻፍ። ይህን ያልጻፈ አንድ ወዳጄ ከሁለት ዓመት በኋላ የራሱን ግቢ ፎቶ እንደገና ገዝቷል።

በየሳምንቱ የሚበርር ከሆነ መግዛት ያዋጣል። አጣዳፊ ሥራ ከሆነም እንዲሁ፤ እሳት ኮንትራክተር አይጠብቅም። ሲገዛ ግን አብራሪ ሁለት ይሁን። አንዱ ሲታመም፣ ሲዛወር፣ የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ሲሄድ ድሮኑ እንዳይቆም። ሁለተኛ አብራሪ የሌለው የድሮን ክፍል፣ በእኔ አስተያየት፣ የድሮን ክፍል አይደለም።

መጋራት ደግሞ መሐሉ ነው። የመንገድ፣ የውኃና የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤቶች አንድ የጋራ ቡድን ቢያቋቁሙ አብራሪው በየቀኑ ስለሚበርር እጁ አይዝግም። ችግሩ ወረፋ ነው። ጎርፍ የመጣ ቀን ሁሉም ይፈልገዋል። ስለዚህ ማን እንደሚቀድም አደጋው ሳይመጣ በወረቀት ይለቅ። «እንነጋገራለን» የሚባለው ነገር አይሠራም። እኔ ለመካከለኛ በጀት ይህን እመርጣለሁ፣ ግን አለቆቹ የሚግባቡ ከሆነ ብቻ ነው።

ለደንብ አውጪው፦ ከልክሎ መገላገል፣ በደብዳቤ መፍቀድ ወይስ በአደጋ መጠን መመደብ?

ሰው አልባ አውሮፕላን አዲስ ራስ ምታት ይመስላል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 8 ላይ አብራሪ የሌለው አውሮፕላን የአገሩን ልዩ ፈቃድ ሳያገኝ ድንበር እንዳይሻገር ጽፏል። ነገሩ የቆየ ነው፤ አዲሱ ነገር ማንም በቦርሳው መያዙ ነው።

መከልከል ርካሽ ይመስላል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2014 የሲቪል ድሮን በረራን ከለከለች። በ2018 መጨረሻ ፈቀደች፤ ግን ዲጂታል ፈቃድ ካልተላከ ድሮኑ ራሱ እንዳይነሣ የሚያደርግ ሥርዓት ጠየቀች። ከብዶ ተገኘ። ኦገስት 2021 ላይ አዲስ ደንብ ወጣ። የሚሞሉት ቅጾች ከ25 ወደ 5፣ የክፍያ ዓይነቶቹ ከ72 ወደ 4 ወረዱ። ካርታው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ተብሎ ተከፈለ፤ አረንጓዴው ላይ እስከ 120 ሜትር ከፍታ ድረስ የበረራ ፈቃድ መጠየቅ ቀረ። ሰባት ዓመት የፈጀ ዙር ነው። ከክልከላ የሚጀምር ሁሉ ወደዚህ መምጣቱ አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ክልከላውን የሚያከብረው ሐኪሙና ቀያሹ ነውና፤ የማያከብረው ሲጀመርም ፈቃድ አይጠይቅም።

በየበረራው ደብዳቤ የሚጠይቀው አካሄድ በብዛት የሚታየው ነው። ድሮን ጥቂት ሲሆን ይሠራል። ሲበዛ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል። ለአደጋ ጊዜ ፈጽሞ አይሆንም። ይህን አካሄድ መተው ካልተቻለ ቢያንስ ለእሳት አደጋና ለነፍስ አድን ዓመታዊ ፈቃድ ይሰጥ፤ ከመነሣታቸው በፊት ለአየር ትራፊክ ክፍሉ ስልክ መደወል ይብቃቸው።

ሦስተኛው በአደጋ መጠን መመደብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው ደንብ በረራን በሦስት ይከፍላል። ክፍት በሚባለው ውስጥ ከ25 ኪሎ በታች የሆነ ድሮን ከ120 ሜትር ሳያልፍ፣ ከአብራሪው ዓይን ሳይጠፋ ያለ ልዩ ፈቃድ ይበርራል፤ ምዝገባና ሥልጠና ግን አይቀርም። ልዩ የሚባለው የአደጋ ግምገማ ይጠይቃል። የመጨረሻው እንደ ሰው የሚጭን አውሮፕላን ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያላት የንግድ ድሮን ደንብ ከ25 ኪሎ በታችና 120 ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል፤ አብራሪው ፈተና ያልፋል። ዋናው ሐሳብ አንድ ነው፦ ቁጥጥሩ ከአደጋው ጋር ይመጣጠን።

ይህ ግን የሚረዳ ሠራተኛ ይፈልጋል። የአደጋ ግምገማ ሰነድ አንብቦ ጉድለቱን የሚያገኝ መርማሪ ከሌለ ሥርዓቱ ወረቀት ነው። የሰው ኃይሉ ያልደረሰ ተቆጣጣሪ ለየተለመደው ሥራ ቅድመ ሁኔታውን ራሱ ጽፎ ማውጣት ይችላል፦ «የኃይል መስመር ለመፈተሽ እነዚህን አሥር ነገሮች ያሟላ ይብረር።» ማላዊ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞከረች። እ.ኤ.አ. በ2017 ከዩኒሴፍ ጋር ካሱንጉ አካባቢ የመሞከሪያ የአየር ክልል ከፈተች፤ ደንብ አውጪዎቹ እዚያ ከሚሞከረው እንዲማሩ አደረገች። አስተማማኝ ጅምር ይመስለኛል።

«ትንሽ ናት፣ ምን ታደርጋለች?» ለሚሉኝ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2025 ሎስ አንጀለስ ስትቃጠል አንድ ሰው እሳቱን ለማየት ከመኪና ማቆሚያ ሕንፃ አናት ላይ ትንሽ ድሮን አስነሣ። ራቀችበት፣ ከዓይኑ ጠፋች። ውኃ የሚደፋ አውሮፕላን ክንፍ ቀድዳ ገባች። አውሮፕላኑ በሰላም አረፈ፤ ግን በዚያ ሁሉ እሳት መሐል ለጥገና ቆመ። ስለዚህ ምዝገባና በርቀት የሚነበብ መለያ አስፈላጊ ናቸው። አሜሪካ ይህን መለያ እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ጀምሮ ማስገደድ ጀምራለች። እንደ መኪና ታርጋ ነው። ታርጋ ግን የሚለጥፈው ሕግ አክባሪው ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2018 የለንደኑ ጋትዊክ ኤርፖርት ድሮን ታየ ተብሎ ወደ 1,000 በረራዎችና 140,000 መንገደኞች ተስተጓጎሉ፤ ጥፋተኛ የተባለ ሰው ግን አልተገኘም።

አንድ ምክር ለሕግ አርቃቂዎች። የአየር ደህንነትንና የሰው ገመናን በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ አትጫኑ። የአቪዬሽን ባለሙያ ድሮኑ ይወድቃል ወይ የሚለውን ያውቃል። ካሜራው የማንን መስኮት አየ፣ ቪዲዮው ስንት ቀን ይቀመጥ፣ ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ይየው ወይ የሚለው የሌላ ሙያ ነው። አንድ ላይ ከተደረጉ ሁልጊዜ የሚቀረው ሁለተኛው ነው።

ለየፍላጎቱና ለየአቅሙ

በጀታችሁ ትንሽ ከሆነና ሥራው ማየት ብቻ ከሆነ፣ ትንሽ ባለብዙ ፕሮፔለር ከስድስት ባትሪና ከሁለት ሠልጣኝ ጋር ግዙ። ገንዘቡ ካልበቃ የድሮኑን ደረጃ ዝቅ አድርጉ፤ ሥልጠናውን አትንኩ።

ሥራችሁ መለካት ከሆነ ለመጀመሪያው ዓመት አሠሩ። በዚያ ዓመት ምን ያህል ካርታ በእርግጥ እንደምትጠቀሙ ይታያል። ከዚያ አርቲኬ ያለው ግዙ ወይም በዚያው ቀጥሉ።

እሳት አደጋና ነፍስ አድን ከሆናችሁ ተርማል ያለው፣ ዝናብ የሚችል፣ ሁለት ተመሳሳይ ድሮን። አንዱ ሲሞላ ሌላው ይበርራል። ተመሳሳይ ይሁኑ ያልኩት ባትሪው እንዲለዋወጥ ነው።

ገበሬዎች ማኅበር ከሆናችሁ መርጫውን በጋራ፣ የሠለጠነ ቡድን ይዛችሁ። የየራሳችሁ ማሳ ጠባብ ከሆነ ግን አስረጩ እንጂ አትግዙ።

መድኃኒት ማድረስ የሚያስብ የጤና ቢሮ ድሮን አይግዛ። የማድረስ አገልግሎት ይግዛ፣ ያውም በመኪና ሊደርስ የሚችለውን ቀንሶ።

ጨረታ የምታወጡ ከሆነ ሰነዱ ላይ ሠርቶ ማሳያ የሚል ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ማሳያው ግን በሻጩ ግቢ አይሁን። በእናንተው ድልድይ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ሲነሣ፣ መቆጣጠሪያውን የያዘው የእናንተ ሠልጣኝ ሆኖ ይሁን።